ስሙን የጠራሁ ዕለት

ንጉሡ ገና አንኮበር ይቀመጡ በነበረበት ዘመን አባቴ የደብራችን የንባብ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቹ የኔታ ይሏቸዋል። እኔም ቤት ውስጥ አባዬ፣ ከተማሪዎቹ መሀል ስቀመጥ ደግሞ የኔታ እላቸው ነበር። ከእኔ በፊት የተወለዱት ወንድሞቼ በፈንጣጣ አልቀው የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ አባቴ ለወንድ ልጅ ያሰቡትን ሁሉ ለእኔ አደረጉት። «ዳዊት ብትደግም ማን ይከለክላታል?» ብለው ፊደል አስጀመሩኝ። እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። ወንዶቹማ ጭራሽ አልወደዱትም። ከአጠገባቸው ስቀመጥ ደበሏቸውን ሰብስበው ይሸሹኛል። «ሂጂ፣ ወፍጮሽ ይጠብቅሻል» ይሉኛል። አባቴ ቀና ሲሉ ዝም ይላሉ፤ ሲያቀረቅሩ ይጀምራሉ። ስለዚህ ጓደኛ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።

የምንማረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በተሠራች የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቆላው የሚነሳው ጉም ገደሉን ይዞ ይወጣና ጎጆዋን ይሞላታል። ያኔ አንዳችን የሌላችንን ፊት በቅጡ ሳናይ፣ ድምፃችንን ብቻ አጋጥመን ፊደል እንቆጥራለን። እሱ የመጣው እንዲህ ባለ ጠዋት ነው።

በደጃፉ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ «ይፍቱኝ፣ የኔታ» አለ።

«እግዚአብሔር ይፍታ። ማነህ?» አሉ አባቴ።

«ለቤተ መንግሥቱ ብረት እንድሠራ ተጠርቼ በቅርቡ የመጣሁ ባለ እጅ ነኝ። ልጄን ይዤ መጣሁ። ክርስትና የተነሳ ነው። ፊደል ቢያስቆጥሩልኝ ብዬ ነው።»

ባለ እጅ የሚለውን ቃል ስንሰማ ሁላችንም ንባባችንን አቆምን። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። ማረሻውንና ማጭዱን እንገዛዋለን፣ ሚስቱ በሠራችው ድስት ወጥ እንሠራለን፤ አብረነው ግን አንበላም፣ አንጋባም፣ ሕፃኖቻችንንም አናሳየውም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ሳድግ አብሮኝ ያደገ ነገር ነው።

አባቴ ልጁን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ «ግባ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉና ከእኔ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ አሳዩት። ባዶ ቦታ የነበረው እኔ አጠገብ ብቻ ነበር።

እኩያዬ ነው። እጆቹ ላይ ብልጭታ ያቃጠላቸው ትንንሽ ጠባሳዎች አሉ፤ ልብሱ የከሰል ሽታ አለው። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው። ሰው ሲያናግረው ትክ ብሎ ያያል፤ አንገት መድፋት አያውቅም ነበር። ከኋላችን የባላምባራሱ ልጅ፣ ከሁላችንም ትልቁና በጉልበትም የሚበልጠን እሱ ነው፣ ኩታውን በፊቱ ላይ ጎትቶ «ቡዳ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። አጠገቤ ያለው ልጅም ሰምቷል። ዞር ብሎ አየው። የባላምባራሱ ልጅ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓት ተለወጠ። ድሮ ቆሏችንን በአንድ ጨርቅ ላይ አፍሰን ነበር የምንበላው፤ ለእኔም ዳር ላይ ይደርሰኝ ነበር። አሁን ሁሉም ቆሎውን በደበሎው ሥር ደብቆ፣ ጀርባውን ወደ አዲሱ ልጅ አዙሮ በፍጥነት ይቆረጥማል። እሱም መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ከእናቱ የያዘውን የባቄላ ቂጣ ቆርሶ አንዱን ልጅ «እንካ» አለው። ልጁ እሳት እንደነካው ሰው ዘሎ ተነሳ። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ምግብ በወጣ ቁጥር ውኃ ልጠጣ ብሎ እየተነሳ ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ የሚመለሰው ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ነው።

አንድ ቀን ተከተልኩት። ምንጩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጣቱ ጭቃ ይጠፈጥፋል።

«ለምን ከእኛ ጋር አትበላም?» አልኩት።

«አልራበኝም።»

«ውሸትህን ነው።»

ቀና ብሎ አየኝና ሳቅ አለ። «ሳያቸው ይፈራሉ። እናቴም ሲበሉ አትያቸው ብላኛለች።»

የልብሴን ጫፍ ፈትቼ ቆሎዬን አወጣሁ። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና አንድ እፍኝ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ያልፈራሁ መስዬ ቆረጠምኩ።

«በል እየኝ» አልኩት።

አየኝ። ጥቂት ቆይቶ «ሆድሽን አመመሽ?» አለኝ፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ።

«ምንም አላመመኝም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

እጁን ዘረጋ። ቆሎ ሰጠሁት። ሁለታችንም እስክንንተከተክ ድረስ ሳቅን፤ ለምን እንደሳቅን ግን ዛሬም አላውቀውም።

ከዚያ ወዲያ ምሳችን ምንጩ ዳር ሆነ። ሦስቱን «ሀ» እያምታታ ያስቸግር ነበርና እኔ በዜማ እያደረግሁ አስጠናዋለሁ። እሱ ደግሞ ስለ አባቱ ሥራ ይነግረኛል፤ ብረት በደንብ ሲግል ምን እንደሚመስል፣ ወናፉን ሲነፋ ክንዱ እንዴት እንደሚዝል። ከጭቃ በቅሎ ይሠራልኛል፣ በጎች ይሠራልኛል። ጆሯቸው በደንብ የወጣ፣ እግራቸው የማይንገዳገድ በጎች ናቸው። እቤት ወስጄ መደብ ላይ ስደረድራቸው እናቴ ማን እንደሠራቸው ጠየቀችኝ። ስነግራት አንድ ቃል ሳትናገር ሰብስባ ወደ ገደሉ ወረወረቻቸው። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ደግሞ ሌላ ሲሠራልኝ ተቀብዬ በአጥሩ ሥር መደበቅ ጀመርኩ።

ወንዶቹ መጀመሪያ ይፈሩት ነበር። ቆይቶ ግን ፍርሃታቸው ወደ ድፍረት ተለወጠ። መንገድ ላይ ድንጋይ ይወረውሩበታል። «የወናፍ ልጅ» እያሉ በአፋቸው ፉ ፉ ይላሉ። እኔንም «የጅብ ሚስት» አሉኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ለፍታት በሄዱበት የባላምባራሱ ልጅ ተነሣና በሩ ላይ ቆመ።

«ማታ ማታ ጅብ ትሆናለህ አሉ» አለው።

«አልሆንም» አለ።

«ከሆንክ ጅራት ይኖርሃል። አሳየን።»

«የለኝም።»

«ከሌለህ ምን አስፈራህ?»

ያዙት። ሲጥሉት፣ ልብሱን ሲገፍፉት፣ ፊቱ አፈር ሲበላ አየሁ። እየጮህኩ ገብቼ የአንዱን እጅ ነከስኩ፤ ገፍቶ ከምሰሶው ጋር አላተመኝ። የቀጥቃጩ ልጅ ግን አልጮኸም። ሲለቁት ተነሥቶ ልብሱን ለበሰ፣ ከከንፈሩ አፈሩን ጠረገ፣ ከዚያ ተራ በተራ ፊታቸውን አየ።  አንደኛው ትንሽ ልጅ «አየን! ሊበላን ነው!» ብሎ እሪ አለና ሁሉም ተንጋግተው ከጎጆው ወጡ።

አባቴ ሲመለሱ ነገርኳቸው። የባላምባራሱን ልጅ በአለንጋ ገረፉት፤ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። በማግሥቱ ባላምባራሱ ራሳቸው በበቅሎ ሆነው ደጃችን ድረስ መጡ። ከበቅሏቸው አልወረዱም።

«ለቡዳ ብለው ነው ልጄን የገረፉት፣ የኔታ?»

«ለአንድ ክርስቲያን ልጅ ብዬ ነው የገረፍኩት» አሉ አባቴ።

«እንግዲህ የሚመጣውን ያዩታል» ብለው በቅሏቸውን መለሱ።

የመጣው ግን በእኔ በኩል ነው።

ሐምሌ ነበር። አባቴ ለሥላሴ በዓል ደብረ ብርሃን ሄደው ወንዙ ሞልቶ እዚያው ቀሩ። በዚያው ሰሞን እኔ ታመምኩ። መጀመሪያ በረደኝ፣ ከዚያ ሰውነቴ እንደ ምድጃ ጋለ፣ የጠጣሁት ውኃ ሁሉ ይመለሳል። እናቴ የቀረኋት አንድ ልጇ ነኝ። ወንድሞቼን ስትቀብር ያየቻት ጎረቤታችን ገና ከደጅ አየችኝና «ይኼማ የዓይን ነው፤ አብራው ቆሎ ስትበላ ልጆቹ አይተዋታል» አለቻት። እናቴ ማመን አላስፈለጋትም። ድሮም ታምናለች።

ከሕመሜ የማስታውሰው ቁርጥራጩን ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የቅጠልና የአሮጌ ቆዳ ጭስ አፍንጫዬ ሥር ይዘውብኛል፤ ልታፈን ነው። በጭሱ መሀል የብዙ ሰው ድምፅ «ማነው የበላሽ? ተናገሪ! ለፍልፊ!» ይላል። የእናቴን ድምፅ ለየሁት፤ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ በትኩሳቱ ውስጥ ምንጩ ዳር ያለሁ ይመስለኛል። ቀዝቃዛው ውኃ ይታየኛል። ድንጋዩ ላይ ግን ማንም የለም። የት ሄደ ብዬ ስሙን ጠራሁት። ሳይመጣ ሲቀር ደግሜ ጠራሁት።

 ከዚያ ጎረቤታችን «ተናገረች!» ስትል ሰማሁ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ወንዶቹ ተማሪዎች ናቸው ሮጠው የሄዱት፤ የባላምባራሱ ልጅ ከፊት ከፊት ነበር አሉ። ጓደኛዬን ከአባቱ ወናፍ ሥር ጎትተው አወጡት። አባቱ መዶሻውን ይዞ ተነሥቶ ነበር፤ ከኋላ የሚመጡትን ትልልቅ ሰዎች ሲያይ አስቀመጠው። ዳገቱን እየገፉ፣ በአጋም እሾህ እግሩን እየገረፉ አመጡት። ከመደቤ አጠገብ ሲያቆሙት ዓይኔን ገለጥኩ። ይህን አስታውሳለሁ። ደስ አለኝ። ስለጠራሁት የመጣ መሰለኝ።

«ልቀቃት!» አሉት። «እንትፍ በልባትና ልቀቃት!»

«ምንም አላደረግኳትም» አለ።  «ጓደኛዬ ናት።»

አንዱ ሰው በዱላ ጀርባውን መታው። እናቴ እግሩ ሥር ወደቀች። እናቴ፣ በጎቹን ገደል የጨመረችው እናቴ፣ የዚያን ልጅ ጉልበት ይዛ «ልጄን መልስልኝ፣ በእግዚአብሔር፣ አንድ ናት» አለችው። እሱ ከዱላው ይልቅ የፈራው ይህንን ይመስለኛል። ጎንበስ አለና እያለቀሰ በግንባሬ ላይ ተፋ። ምራቁና እንባው አብሮ ወረደብኝ።

ትኩሳቱ በዚያው ዕለት ለቀቀኝ። ውኃ ጠየቅሁ፤ የጠጣሁትም አልተመለሰም። በማግሥቱ ቁጭ ብዬ አጥሚት ጠጣሁ። መዳኔ አገሩን ሁሉ ያዳረሰ ወሬ ሆነ። «ስሙን በአፏ ጠርታ፣ ተፍቶባት ዳነች» ተባለ። ሞቼ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው እንኳ «ልጁ ላይሆን ይችላል» ይል ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ስድን ግን የሚጠራጠር ሰው አልቀረም።

አባቴ ወንዙ ጎድሎ ሲመለሱ እናቴ በእልልታ ተቀበለቻቸው። ነገሩን በሙሉ ሲሰሙ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ መደብ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እንደገና ተነሥተው ወደ ቀጥቃጩ ቤት ወረዱ። እንደምንም ተነሥቼ ተከተልኳቸው።

ቀጥቃጩ ሲያያቸው ተነሥቶ እጅ ነሣ። ሥራውን ግን አላቆመም፤ ብረቱን ገለበጠ።

«ልጁን ልወስደው መጣሁ» አሉ አባቴ። «ነገ ከእኔ ጋር፣ አጠገቤ ተቀምጦ ይማራል። የሚነካው የለም።»

«ይተዉት፣ የኔታ።»

«በደል ተሠርቷል። እኔ ብኖር ይህ አይሆንም ነበር።»

«አልነበሩማ» አለ ቀጥቃጩ። ቁጣ አልነበረውም፤ ድካም ነበረው። «ነገም የማይኖሩበት ቀን አለ። እኔ እንደ ሰው ልጅ ማንበብ ቢችልልኝ ብዬ ነበር። ካልሆነ ምን አደርጋለሁ? ብረቱን ይማር።»

 ያን ያህል ሰው የሚያዳምጣቸው አባቴ እዚያ ከሰል ላይ ቆመው ቀሩ። እኔ በጓሮ ዞርኩ።

እናቱ ድስቶቿን የምታደርቅበት ዳስ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል። እግሩ ላይ የእሾሁ ቁስል ገና አልደረቀም። ስሙን ጠራሁት። ትከሻው ደነገጠ፤ ግን አልዞረም።

«አትምጪ» አለኝ። «ደግሞ ትታመሚያለሽ።»

«አንተ አይደለህም ያሳመምከኝ።»

«ስሜን የጠራሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እንድትመጣልኝ ነው የጠራሁህ! ምንጩ ዳር የሌለህ መስሎኝ ነው።»

 ከዚያ በጣም ዝግ ብሎ፣ ትምህርት ሲከብደው እንደሚጠይቀኝ ዓይነት ጠየቀኝ። «እኔ ካልሆንኩ ለምን ዳንሽ?»

«እንጃ።»

«ተፋሁብሽ፣ ዳንሽ። እኔ በልቼሽ ባልሆን እንዴት ትድኛለሽ?» ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ሳላውቀው ነው። በእናቴ እምላለሁ ሳላውቀው ነው። እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም።»

እንዳልበላኝ አውቃለሁ። ለምን እንደዳንኩ ግን አላውቅም ነበር፤ ልጅ ነኝ።  ወደ እሱ ሄጄ ትከሻውን ስይዘው ዓይኖቹን በሁለት እጁ ከደነ። ያ ትክ ብሎ ሰው የሚያይ ልጅ እንዳያየኝ የከደነበትን እጁን ከዓይኑ ላይ ላላቅቀው ብታገል ብታገል አቃተኝ። አባቴ መጥተው እስኪወስዱኝ ድረስ እያለቀስኩ ስታገል ነበር።

ከመስከረም በኋላ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ሄዱ፤ ባለ እጆቹም ተከተሉ ተባሉ። ቤተሰቡ ሲሄድ ከአጥራችን ላይ ሆኜ አየሁ። አህያዋ ላይ ወናፉና ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ ተጭኗል። እናቱ ያልሸጠቻቸውን ድስቶች በጀርባዋ ተሸክማለች። እሱ ከሁሉም ኋላ ነው፤ ጨርቅ በራሱ ላይ አድርጎ እስከ አፍንጫው ጎትቶታል፤ የሚያየው የእግሩን ጣቶች ብቻ ነው። በጎጆዋ በኩል ሲያልፉ ወንዶቹ ለመጮህ በሩ ላይ ወጥተው ነበር። አባቴ ከውስጥ ወጥተው መሀል መንገድ ላይ ቆሙና ለቀጥቃጩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። በዚያ ምክንያት የጮኸ ልጅ አልነበረም። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ አንድ ጊዜም ሳያነሡ ሞቱ።

እኔ ለአንድ ቄስ ተዳርኩና ደብረ ብርሃን ገባሁ። ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ክፉ ዘመን መጥቶ ካለፈ በኋላ፣ አንድ የቅዳሜ ገበያ ላይ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ድስት ልገዛ ጎንበስ ስል ሻጯን አወቅኋት። እናቱ ናት። አርጅታለች። እሷም አወቀችኝ፤ ወዲያው ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። ጀርባዬ ላይ ያለውን ሕፃን አይታለች።

«ደኅና ነዎት፣ እማማ?» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁን ሸፍኚው፣ ልጄ። ሰው ያያል።»

አልሸፈንኩትም። «እሱስ? አለ?» አልኳት።

አለ አለችኝ። ምንጃር በኩል ማረሻ እየሠራ ይኖራል። ከወገኖቹ አግብቶ ወልዷል።

«ልጁን ግን አያይም» አለች። «ሚስቱ ስታጠባ እሱ ደጅ ይወጣል። ሕፃኑ ወደ እሱ ሲድህ ዓይኑን ይጨፍናል። እኛ እኮ ይህን ነገር በሰው አፍ እንሰማዋለን እንጂ አናምነውም፤ አባቱም እኔም አናምነውም። እሱ ብቻ ነው ያመነው።»

«የጠራሁት ናፍቄው እንደሆነ ይንገሩልኝ። እንድትመጣልኝ ነው ብላለች ይበሉት።»

«ነግሬዋለሁ፣ ልጄ። አንቺ ያልሽውን ያኔ ነግሮኛል። ስንት ጊዜ መልሼ ነገርኩት።» በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «'ታዲያ ለምን ዳነች?' ይለኛል።»

ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ወደ እሷ ዘረጋሁት። ለመቀበል እጇ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ አየችና መለሰችው። በአንድ ጣቷ የልጁን እግር ብቻ ነካ አደረገችው።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። አማቴ ፍም አዘጋጅታ፣ ቅጠሉን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። «አምጪው፣ ሳይብስበት እናጭስበት» አለችኝ። በዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንቢ ብዬ አላውቅም። የዚያን ቀን ልጄን አቅፌ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ባለቤቴ ከቅዳሴ እስኪመጣ አልገባም አልኩ። ስትለምነኝም፣ ስትረግመኝም አልተነሣሁም።

ልጁ ሳይጨስበትም አልታመመም። የዚያን ሰሞን ሁሉ ጠባ፣ ተኛ፣ ሳቀ። አማቴ ዕለት ዕለት ግንባሩን እየዳሰሰች ትጠብቅ ነበር፤ ምንም ሳይሆን ሲቀር ነገሩን ተወችው። ያንን ግን ማንም ለማንም አላወራውም።